ጀበናዋን ወድደን ሠሪዋን ለምን እናማለን?

ከሥራ መልስ ምድጃ ላይ ጀበና የምትጥዱ እናቶችና እኅቶች፤ በዛሬው ጽሑፋችን ወደ ደቡብ ጎንደር ይዘናችሁ እንጓዛለን። መነሻችን በጣና ሐይቅ ዳር የተቆረቆረችው ባሕር ዳር ናት። ዋናው መድረሻችን የደራ ወረዳ ከተማ አንበሳሜ፣ የመጨረሻው ማረፊያችን ደግሞ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ነች። የምንጓዘው የአገሩን ልምላሜ ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የእጃቸው ሥራ ያልገባበት ቤት የሌለ፣ ስማቸው ግን በክፉ የሚነሣ ወገኖች ኖረዋል፤ ዛሬም የሚኖሩ አሉ። ስለ እነርሱ የሰማነውን ከማን አፍ ሰማነው? ልጆቻችንስ ከእኛ ምን እየሰሙ ያድጋሉ? ይህን አብረን እንድንመረምር ነው።

ከሐይቁ ዳር

ባሕር ዳር ላይ ማለዳ ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው ከደንገል የተሠራች ቀጭን ታንኳ በውኃው ላይ ስትንሸራተት ማየቱ የተለመደ ነው። ታንኳዋ የደንገል ነዶ በገመድ ተጠፍሮ የሚሠራ፣ ውኃ በጠጣች ቁጥር ከብዳ ፀሐይ ላይ የምትሰጣ፣ ጥቂት ወራት አገልግላም በሌላ የምትተካ ናት። በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት የጣና ዳር ነዋሪዎች የነገደ ወይጦ ልጆች ናቸው። እህልና ማገዶ፣ ሰውና ዓሣ በእነርሱ ታንኳ ሲመላለስ ኖሯል። ቀደም ሲል የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይነገራል፤ ዛሬ የሚናገሩት ግን አማርኛ ነው።

ስለ ወይጦ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጉማሬ በል ናቸው» የሚል። በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ከእነርሱ ጋር ማዕድ ሳይቆርስ ዘመናት አለፉ። እነርሱ ራሳቸውን ሙስሊም ቢሉም ሌላው ሙስሊም እንደ ወንድም ሳይቆጥራቸው ኖረ። ይሁን እንጂ ይህን የሚያወራ ሰው የቀረውን አይጨምርም። መሬት ያልነበረው ሕዝብ ከውኃው በሚያገኘው ነገር መኖሩን፣ ጉማሬም በሌሊት ከሐይቁ ወጥቶ የገበሬውን ማሳ የሚያወድም እንስሳ መሆኑን አያነሣም። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ሐይቅ ዳር የነበረው የወይጦ መንደር እየተገፋ መምጣቱንም የሚያወሳው ጥቂት ነው። ከወይጦ እጅ የመጣውን ዓሣ የበላ አፍ ስለ ወይጦ ማዕድ ክፉ ሲናገር ይሰማል።

ልብ በሉ፤ ጉማሬ መበላቱ ፈጠራ ነው አላልንም። አድነው ይበሉ ነበር። ጥፋቱ ያለው አንድ ሕዝብን ከአንድ ነገር ጋር ብቻ አያይዞ፣ ሌላውን ሕይወቱን ሁሉ በዝምታ ማለፉ ላይ ነው። የአንድ ወገን ወሬ ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ብዙ ጊዜ የተቆረጠ እውነት ነው።

የአንበሳሜ መንገድ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ወደ ሰሜን እንቀጥላለን። ሐሙሲት ስንደርስ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፈን ወደ አንበሳሜ እናመራለን። ከባሕር ዳር አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መንገዱ ከአንበሳሜ አልፎ ወደ እስቴ ይዘልቃል። የደራ አገር በምዕራብ ጣናን፣ በደቡብ ዓባይን ተንተርሶ የተቀመጠ ሲሆን ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ይበቅልበታል። ከተሞቹ ከገበያ ጋር ያላቸው ትስስር ከስማቸው ይታወቃል፤ ሐሙሲት፣ ዓርብ ገበያ እያሉ ይጠሯቸዋል። እንግዲህ በዚህ አገር ገበያ ማለት መሸጫና መግዣ ብቻ ሳይሆን ዘመድ የሚጠያየቅበት፣ ወሬ የሚቀባበልበት፣ ስም የሚነሣና ስም የሚወድቅበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

እንደ አንበሳሜ ባለ የደጋ ገበያ ውስጥ እህል ተራውን፣ ቅቤ ተራውንና በርበሬ ተራውን አልፋችሁ ስትሄዱ የሸክላ ተራውን ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ነው። ምጣዱ፣ ድስቱ፣ እንስራው፣ ጋኑ፣ ገንቦውና ጀበናው በሣር ላይ ተደርድሮ ይቆያችኋል። ገዢዋ ጎንበስ ብላ ጀበናዋን ታነሣለች፤ በጣቷ ቋ ቋ አድርጋ ድምፁዋን ታዳምጣለች። የጠራ ድምፅ ከሰጠች ደኅና ናት። ከደነቆረች ስንጥቅ አለባት ማለት ነው። ከዚያ ዋጋ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ጀበናዋ በነጠላ ትጠቀለላለች።

ስለ ሸክላው ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ስለ ሠሪዋ ግን ምን እናውቃለን? ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከሩቅ ቆፍራ ታመጣለች። አድርቃ ትወቅጠዋለች፤ ነፍታ ከተፈጨ ገል ጋር ትለውሰዋለች። ገሉ የሚጨመረው ሸክላው እሳት ላይ እንዳይፈነዳ ነው። ያለ መንኮራኩር፣ በእጇና በዓይኗ ልክ ብቻ ታበጀዋለች። በጥላ ታደርቀዋለች፣ በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች፣ በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ እሳቱ ላይ የሚሰነጠቀው የእርሷ ኪሣራ ነው። የተረፈውን በጀርባዋ ተሸክማ በእግሯ ገበያ ትወጣለች። እኛ ቤት ሲደርስ ደግሞ እኛ እናሟሸዋለን፤ ከዚያም የቤታችን ዕቃ ይሆናል። ሠሪዋን እንረሳለን።

መርሳቱስ ባልከፋ ነበር። በዚያች ገበያ እጇን ዘርግታ ጀበና የምትገዛ እናት፣ ያዘለችውን ሕፃን በነጠላዋ ጫፍ ስትሸፍነው ብታዩ አትደነቁ። ከፀሐይ ልታስጠልለው አይደለም፤ ከሸክላ ሠሪዋ ዓይን ነው። «ዓይኗ ይበላዋል» ብላ ነው። ጀበናዋን ለመውሰድ አልፈራችም፤ ሰላምታ ለመስጠት ግን ፈራች።

ችሎት ያለ ተከሳሽ

ቡዳ የሚባለውን ነገር ሁላችንም ሰምተናል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ በአንዳንድ ቦታም ሸማኔው በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይባላል። «ባለእጅ» የሚለው ቃል ራሱ ሊከበር ሲገባው ስድብ ሆነ። ጨዋ ነኝ የሚለው ወገን ከባለእጅ ጋር አይጋባም፣ በአንድ ዋንጫ አይጠጣም ነበር። ይህ ልማድ በአንድ አውራጃ ተወስኖ የቀረ አይደለም። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ስሙን እየለወጠ የኖረ ነው። በከተማም ቢሆን አልጠፋም። ፎቅ ቤት ውስጥ እየኖረ ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥሮ በልጁ አንገት የሚያስር ስንት ሰው አለ?

እስቲ ይህ ክስ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር እንመልከተው። አንድ ልጅ በድንገት ይታመማል። ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይቃዣል። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «ይህስ ቡዳ ነው» ይላል። ጭስ ይጨሳል፣ የሚሸተት ነገር በአፍንጫው ይደረጋል፤ ከዚያም «ማነህ? የት አገኘኸው? ምን ሲበላ አየኸው?» ተብሎ ይጠየቃል። በትኩሳት ራሱን የሳተው ልጅ በሚለፈልፍበት ጊዜ አንድ ስም ከአፉ ቢወጣ ፍርዱ በዚያው አለቀ። የተጠራችው ሴት በዚያ ቤት የለችም። ምን ተብላ እንደተከሰሰችም አታውቅም። ጠበቃ የላትም፣ ምስክር አላቀረበችም። በማግሥቱ ውኃ ስትቀዳ ሰዎች መንገድ ሲለቁባት ብቻ ነው የሚገባት። ልጁስ የማንን ስም ይጠራል? ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ተጠንቀቅ» እየተባለ ያደገበትን ስም ነው እንጂ ሌላ ከየት ያመጣል? ስሙን አስቀድመን በአፉ ያኖርነው እኛው ነን።

እናቶች ሆይ፣ ጉዳቱ በተከሰሰችው ሴት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ልጁንም ይጎዳል። ጣናን የሚያዋስኑት ዝቅተኛ ሜዳዎች የወባ አገር ናቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወባ ይበረታል። ወባ ወደ ጭንቅላት ሲወጣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል፣ ይቃዣል። የማጅራት ገትርም አንገት ያደርቃል፣ ያስመልሳል፣ ያስቃዣል። የአንጀት ተስቦ እንዲሁ ያስለፈልፋል። የሚጥል በሽታም ብዙ ጊዜ በዚሁ በቡዳ ስም ተጠርቷል። ልጅ ሲያተኩሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ማግኘት እንዳለበት የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በወባ የተጠቃ ሕፃን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላልና። ጭስ በማጨስና ስም በማስጠራት ያለፈችው ሌሊት መድኃኒት ልትሰጥበት የሚገባት ሌሊት ነበረች። ልጁ ቢሞት ደግሞ ሞቱ ክሱን ያጸናዋል። «ይኸው በላችው» ይባላል። እንዲህ እያለ ወሬው ራሱን በራሱ ይመግባል።

ነገር ከሥሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና ወደ ሥሩ እንሂድ። በቀድሞው ዘመን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የሰው ክብር የሚለካው በርስት ነበር። ርስት ያለው ያርሳል፣ ግብር ይከፍላል፣ በአገር ጉዳይ ይናገራል። ርስት ያልነበራቸው ብዙ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ በጎንደር አካባቢ በብዛት ይኖር የነበረው ቤተ እስራኤል ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን በሃይማኖቱ ምክንያት ርስቱን እንዳጣ ሲተረክ ኖሯል። ሌሎች «ፈላሻ» ብለው የሰየሙትም መፍለስን፣ አገር አልባ መሆንን ለማመልከት ነው። እርሱ ግን ራሱን ቤተ እስራኤል ብሎ ይጠራል።

መሬት ያጣ ሰው ምን ይሥራ? አፈር ለማረስ ያልተፈቀደለት አፈር ለውሶ ሸክላ ሠራ። ማረሻ ለመያዝ ያልታደለው ማረሻ ቀጠቀጠ። ጎንደር በነገሥታት ከተማነቷ ስትገነባም የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደሠሩባት የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። እንግዲህ የነገሩ ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ መሬት ተከለከሉ፣ ቀጥሎ የእጅ ሥራ ያዙ፣ ከዚያ በኋላ የእጅ ሥራቸው የክፋታቸው ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረ። ወሬው ግን ይህን ገልብጦ ነገረን። «ቡዳ ስለሆኑ ሸክላ ይሠራሉ» አለን። የተነጠቁት መሬት ከታሪኩ ወጣ፤ ጅቡ ገባ። ለባለርስቱ ይህ እጅግ የተመቸ ወሬ ነበር። ለምን መሬት አጡ ተብሎ እንዳይጠየቅ አድርጎለታልና።

ጉዳዩ ለመንግሥታትም የተሰወረ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለሙያ በሥራው መስደብ እንዲቀር፣ የሚሳደብም እንዲቀጣ አዝዘዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀርቶ መሬት የማግኘትን መብት ከዘር ሐረግ ለየው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ሳይደረግ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። ከመጀመሪያው አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ወሬው ግን ገና አለ። አዋጅ በአደባባይ ይነገራል፣ ወሬ ደግሞ በምድጃ ዳር። በምድጃ ዳር የሚነገረውን የሚያርመው አዋጅ ሳይሆን ምድጃው ዳር የተቀመጠው ሰው ነው።

ከአገር ወጥቶም የተከተለ ወሬ

ቤተ እስራኤል ከጎንደር አውራጃዎች በብዛት የወጡት በሁለት ትልልቅ ጉዞዎች ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል 8,000 ያህል ሰዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በስደተኞች ሠፈር የሞተው ሰው በሺዎች ይቆጠራል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተጓጓዙ። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ባለችው ወለቃ የነበሩት ባለሙያዎች ሄዱ፤ የሸክላው ሥራ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ። ጭቃው ያው ጭቃ፣ እሳቱም ያው እሳት ነው። እንግዲህ ቡድነት ከሥራው የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አዲሶቹ ሠሪዎች ምን ሊባሉ ነው?

ከሄዱት ወገኖች ላይ በአዲሱ አገራቸው የደረሰውን ማንም እናት ልትሰማው የሚገባ ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ የእስራኤል ጋዜጣ፣ የአገሪቱ የደም ባንክ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች የለገሱትን ደም «የኤድስ ቫይረስ ይኖርበታል» በሚል ስጋት ለዓመታት በምሥጢር ሲደፋው መኖሩን ይፋ አደረገ። ለጋሾቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲሰጡ ምስጋና ተቀብለው ይመለሱ ነበር፤ ደሙ ግን ይደፋ ነበር። ነገሩ እንደተሰማ ሺዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ቁጣቸውን ገለጡ። እዚህ «ደም መጣጭ» ተብለው የተፈሩ ሰዎች እዚያ ደማቸውን ሲሰጡ ተደፋባቸው። በአንደኛው አገር ወሬው ጅብ አለበት፣ በሌላው አገር የላቦራቶሪ ካባ ለበሰ። ሁለቱም ቦታ ያልተደረገው ግን አንድ ነው። አንዱን ሰው ለብቻው መርምሮ መፍረድ ሲገባ ሕዝቡ በሙሉ በጅምላ ተፈረደበት።

ከወረታ ወደ ላይ

ከአንበሳሜ ወደ ሐሙሲት ተመልሰን፣ ጉማራ ወንዝን ተሻግረን በፎገራ የሩዝ ሜዳ በኩል ወረታ እንገባለን። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደተጓዝን ከመንገዱ ገባ ብላ አውራ አምባ ትገኛለች። ይህችን ማኅበር ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው በ1964 ዓ.ም. ገደማ መሠረቷት። ወንድ ሊጥ ቢያቦካ፣ ሴት ብታርስ ወይም ሸማ ብትሠራ ነውር የለበትም አሉ። አረጋዊ የሚጦርበትን ቤት ሠሩ። የሃይማኖት ቤት ሳይሠሩ በሥራና በመከባበር ለመኖር ወሰኑ።

ጎረቤቱ ግን ምን አለ? እንዲህ ያለ ኑሮ ስላላየ ክፉ ወሬ አወራባቸው፤ ጠላትነትም ተነሣ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ለሕይወታቸው ፈርተው ወደ ደቡብ ተሰደዱ። የተመለሱት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ የነበራቸው መሬት በእጅጉ ጠቦ ጠበቃቸው። በመሆኑም ሽመናን ዋና መተዳደሪያቸው አደረጉ። ውሎ አድሮ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ሰው ሊጎበኛቸው መጣ፤ ቀድሞ የተወገዙበት አኗኗር መወደሻቸው ሆነ። ይሁንና እዚህ ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «እነርሱ ጥል አያውቁም፣ ስሕተት የለባቸውም» ብሎ ማወደስም ያው የአንድ ወገን ወሬ ነው። ሰውን ጅብ ማድረግም መልአክ ማድረግም ሰውነቱን መንሣት ነው። የአውራ አምባ ሰው የሚፈልገው እንደ ማንኛውም ጎረቤት መታየትን ይመስለናል።

ጋፋት

ከዚህ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋው ይወጣል። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ገብስና ድንች ይበዛል። ደብረ ታቦር ገብተን ከከተማው ጥቂት ወጣ ስንል ጋፋትን እናገኛታለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ በ1859 ዓ.ም. አካባቢ ያሠሩት እዚህ ነው። አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ሥራውን መሩት። ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋው መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተጎተተው በሰው ጉልበት፣ ተራራ እየተናደ፣ መንገድ እየተሠራ፣ ወራት ፈጅቶ ነበር።

ይህን ታሪክ እናንተም ልጆቻችሁም ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ፤ እንኮራበታለንም። አሁን ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ብረት የማቅለጥና የመቀጥቀጥ ሙያ በዚህ አገር ከቴዎድሮስ በፊት ዘመናት የኖረ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚሠራ ቀጥቃጭ በየአገሩ ነበር። ይህ ባለሙያ በሚከበርበት፣ ልጁ ከአባቱ የተማረውን ሳያፍር በሚያሳድግበት አገር ቢኖር ኖሮ ሙያው የት ይደርስ ነበር? እኛ በመድፉ ስንኮራ ቀጥቃጩን ጅብ እንለዋለን። ንጉሡ ብረት የሚያውቅ ሰው አጥብቀው ሲሹ፣ ሕዝቡ ብረት የሚያውቀውን ሰው ከማዕድ ይለይ ነበር። የወሬ ዋጋ እንግዲህ በገንዘብም ቢሆን ይህን ያህል ከባድ ነው።

ለልጆቻችን ምን እንንገር?

ውድ እናቶች፣ ሠራተኞች እኅቶች፤ ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዝነው ለቤታችን የሚሆን ነገር ይዘን ለመመለስ ነው። የመጀመሪያው፣ ልጅን በሰው አለማስፈራራት ነው። «ዝም ካላልክ ለባለእጅ እሰጥሃለሁ» የተባለ ሕፃን ፍርሃቱን ያድግበታል፤ ለልጁም ያወርሰዋል። ጅብ መፍራት ካለበት ጅብን ይፍራ፤ ሰውን ግን ሰው በሉት።

ሁለተኛው፣ ወሬ ሲመጣ መጠየቅ ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» እንዲሉ፤ ማን አየ? የተወራበት ሰው ተጠይቋል? ወሬውን የሚያወራው ሰው ምን ይጠቀምበታል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ልጆቻችን በቤት ከለመዱ በትምህርት ቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በእጃቸው በያዙት ስልክ ላይም ይጠቅሟቸዋል። ዛሬ ወሬ የገበያ ቀን ጠብቆ አይሄድምና። ስለ አንድ ነገድ፣ ስለ አንድ ሃይማኖት፣ ስለ አንድ ሠፈር ሰው በጅምላ የተነገረ ነገር በአንድ ማታ አገር ያዳርሳል።

ሦስተኛው፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንገት መድረቅ፣ ራስን መሳት ሲታይ የሰው ስም ሳይሆን የሚፈለገው የጤና ጣቢያ ነው። ጎረቤታችሁ ጭስ ስታዘጋጅ ብታዩ አትሳቁባት፤ ልጇን ፈርታለችና። ልጁን አንሡላትና አብራችሁ ሂዱ። ጸሎት የምታደርግ ትጸልይ፤ እየጸለየች ትሂድ።

አራተኛው በጋብቻ ጉዳይ ነው። ልጃችን እጮኛውን ይዞ ሲመጣ የሚደረገው ጥያቄ ስለ ጠባይዋ፣ ስለ ጤናዋና ስለ ፍቅራቸው ይሁን። «አያቷ ምን ይሠሩ ነበር?» የሚለው ጥያቄ በጨዋ ቋንቋ ቢጠየቅም ያው የድሮው የቡዳ ክስ ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት የተለያዩ ሁለት ወጣቶችን ሁላችንም በየሠፈራችን እናውቃለን ብንል የተጋነነ አይመስለንም። ጥያቄውን የሚያነሡት ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው፤ ሊያስቀሩት የሚችሉትም እነርሱው ናቸው።

አምስተኛውና የመጨረሻው እጅግ ቀላል ነው። ሸክላ ስትገዙ የሠሪዋን ስም ጠይቁ። «እጅሽ ይባረክ» በሏት። ልጃችሁን ይዛችሁ ከሆነ ነጠላውን ግለጡለትና ሰላም ይበላት። ዋጋ ስትከራከሩም ከገደል ሥር ተቆፍሮ፣ ተነፍቶ፣ ተለውሶ፣ በእሳት አልፎ የመጣ ዕቃ መሆኑን አስቡ። አንዲት እናት ከሌላዋ እናት ጋር በአንድ ሥኒ ቡና ለመጠጣት አዋጅም፣ ስብሰባም፣ በጀትም አያስፈልጋትም። ልጇ ደግሞ ያየውን ይይዛል።